ቦጎታን ከእማዬ ጋር፦ የጉዞ ዕቅድ ማስታወሻ

ኅዳር መጀመሪያ

ከተማው ተመርጧል፣ ቦጎታ ነው፣ የኮሎምቢያ ዋና ከተማ። ጥምቀትን እዚሁ ሜሪላንድ አክብረን ጥር 14 ሐሙስ እንነሳለን፣ አንድ ሳምንት ገደማ ነው፣ እኔና እማዬ ብቻ። ዕቅዱ እየተሠራ በሄደ ቁጥር እዚህ እየጨመርኩ እሄዳለሁ፣ ምክንያቱም ስለ ቦጎታ የሚወራው ሁሉ ለወጣት ቦርሳ አንጋች ነው፣ እናቱን ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት መረጃ ነው የሚያስፈልገው፣ የቱ ጋ ዳገት አለ፣ የቱ ጋ መቀመጫ አለ፣ የጾም ምግብ የት ይገኛል፣ ምናምን።

ለምን ቦጎታ ላላችሁ፣ እማዬ ሙቀት አትችልም። ቦነስ አይረስ ጥር ላይ ድፍን በጋ ነው፣ ላ ፓዝ ደግሞ 3,600 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ የደም ግፊት መድኃኒት ለምትወስድ ሴትዮ ከበደኝ። ቦጎታ 2,640 ሜትር ላይ ናት፣ አዲስ አበባ 2,355 አካባቢ፣ በጣም አይራራቁም። ቀን 19 እና 20 ዲግሪ፣ ሌሊት 7 ወይ 8። ለምድር ወገብም ቅርብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ልክ አገር ቤት እንዳለን ማለት ነው። ለእማዬ ይሄን ስነግራት "በቃ እዛ ውሰጂኝ" አለች፣ አለቀ።

ዝናቡንም አይቻለሁ። ሁለት ደረቅ ወቅት ነው ያላቸው፣ አንዱ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፣ ሚያዝያና ግንቦት ግን ይዘንባል፣ ጥቅምትና ኅዳርም እንደዛው። ጥር መጨረሻ ጥሩ ነው ግን ጃንጥላ አይቀርም፣ ተራራ ላይ ያለ ከተማ አይታመንም።

ቪዛን በተመለከተ ሁለታችንም የአሜሪካ ፓስፖርት ስላለን እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ግን ቪዛ ያስፈልጋችኋል፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እሱን ጨርሱ።

ኅዳር አጋማሽ

ትኬቱ ተቆረጠ። ከዋሽንግተን ቀጥታ በረራ አለ፣ ዋጋው ትራንዚት ካለው ትንሽ ይበልጣል ግን እማዬን ማያሚ ኤርፖርት ላይ ከጌት ጌት ማስሮጥ አልፈልግም።

ዛሬ የሠራሁት ዋናው ሥራ የሳምንቱን ቀናት ኤክሴል ላይ መደርደር ነበር። ይሄን ነገር ማንም እንዳይዘለው እመክራለሁ፣ ቦጎታ ውስጥ ዕቅድ የሚሠራው በቦታ ሳይሆን በቀን ነው። የወርቅ ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነው። የቦቴሮ ሙዚየም ማክሰኞ ዝግ ነው። እሁድ መንገዱ ለመኪና ይዘጋና ለሰው ይከፈታል (እሱን በኋላ እመጣበታለሁ)። ኡሳኬን የሚባለው ሰፈር የእጅ ሥራ ገበያም እሁድ ነው። የቱሪስት ባቡሩ ቅዳሜ፣ እሁድና በዓል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከ1983 ጀምሮ (ዓመተ ምሕረቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የኤሚሊያኒ ሕግ የሚሉት አላቸው፣ ብዙዎቹን በዓላት ወደ ሰኞ የሚያዛውር፣ ስለዚህ ሰኞ በዓል ከሆነ የከተማው ሰው ሁሉ ረጅም ዕረፍት ላይ ይሆናል፣ መንገዱም ሆቴሉም ይሞላል። የነሱ የሦስቱ ነገሥታት በዓል በዚሁ ሕግ ጥር መጀመሪያ ሰኞ ላይ ይውላል፣ እኛ ከዛ በኋላ ስለምንደርስ ይሄ አይነካንም።

እማዬ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። እሱም ኤክሴሉ ላይ የራሱ መስመር አለው። ስለዚህ አጂያኮ (የዶሮ ሾርባቸው) የሚበላበት ቀን፣ ዳገት የሚወጣበት ቀንና ሙዚየም የሚከፈትበት ቀን መገጣጠም አለባቸው፣ እንቆቅልሽ ነው ግን ደስ የሚል እንቆቅልሽ።

ኅዳር መጨረሻ

ሰፈር መረጣ። ታሪካዊው ሰፈር ላ ካንዴላሪያ ነው፣ ጠባብ መንገድ፣ ባለ ቀለም ቤት፣ የእንጨት በረንዳ፣ ፎቶው ልብ ይሰርቃል። ግን ማታ ጭር ይላል፣ ሱቁ ሲዘጋ ሰው የለም፣ ሞባይል መንጠቅም አለ፣ ስለዚህ እዛ ውለን ሌላ ቦታ እናድራለን ብዬ ወሰንኩ። ቻፒኔሮን፣ ፓርኬ 93ን እና ኡሳኬንን አወዳደርኩና ኡሳኬን ላይ ረጋሁ። ድሮ ለብቻው መንደር የነበረ ነው፣ አሁን ከተማው ውጦታል፣ አደባባይና ቤተ ክርስቲያን አለው፣ እማዬ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ወጣ ብላ ልትመለስ የምትችልበት ነው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምፈልገው እሱን ነው፣ በሰው አገር ልጇን ጠብቃ ብቻ የምትንቀሳቀስ እንዳትሆን።

ለሆቴል የሚጠቅም ነገር፣ አገሩ ነዋሪ ያልሆነ የውጭ አገር ቱሪስት ከማደሪያ ዋጋው ላይ 19 በመቶውን ቫት አይከፍልም፣ ፓስፖርቱና የመግቢያ ማህተሙ ይታያል፣ በቃ። አንዳንድ ሆቴል ሳይነግር ያስከፍላል፣ ስለዚህ ቡክ ስታደርጉ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ለአንድ ሳምንት ሲሰላ ቀላል ብር አይደለም።

አድራሻውን ዛሬ ቁጭ ብዬ ተማርኩት፣ በጣም ነው የወደድኩት። ከተማው በስተምሥራቅ በተራራ ተዘግቷል፣ ተራራው ከብዙ ቦታ ስለሚታይ አቅጣጫ አይጠፋም። ካሬራ የሚባሉት መንገዶች ከተራራው ጎን ለጎን ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ፣ ቁጥራቸው ከተራራው በራቁ ቁጥር ይጨምራል። ካዬ የሚባሉት ደግሞ ከተራራው ወደ ምዕራብ ይወርዳሉ፣ ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል። ለምሳሌ የወርቅ ሙዚየሙ ካሬራ 6 ቁጥር 15-88 ነው፣ ያ ማለት ካሬራ 6 ላይ ሆነህ ከካዬ 15 ጥግ ተነስተህ 88 ሜትር ያህል ትሄዳለህ ማለት ነው። "ከቶታል ከፍ ብሎ ካለው ሱቅ ጀርባ" እየተባለ ላደግን ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለእማዬ ወረቀት ላይ ሥዬ ሰጠኋት፣ ወዲያው ገባት፣ "እንጦጦን አይቶ ሰሜኑን እንደማወቅ ነው" አለች።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

ስለ ከፍታው ሐኪሟን ጠየቅን። አዲስ አበባ ተወልዶ ማደግ ዋስትና አይሆንም፣ ለዓመታት ባሕር ወለል አጠገብ የኖረ ሰው ሰውነቱ ከፍታውን ይረሳዋል፣ እንደ አዲስ ነው የሚለምደው። ምክሩ ቀላል ነው፣ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ ውሃ በደንብ፣ ምግብ ቀለል ያለ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ ማለት። ስለዚህ ሐሙስ ስንደርስ ምንም የለም፣ ዓርብ ኡሳኬን ውስጥ መንሸራሸር ብቻ፣ ከፍ ያለው ቦታ ሞንሴራቴ ደግሞ ወደ ሰኞ ተገፋ።

ሞንሴራቴን ላስረዳ። ከከተማው በላይ 3,152 ሜትር ላይ ያለ ተራራ ነው፣ አናቱ ላይ ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ውስጡ በመስቀሉ ክብደት የወደቀው ክርስቶስ ምስል አለ፣ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየተሳለ ይወጣል። ቁጥሩ ከእንጦጦ ጋር መቀራረቡ ብቻ አይደለም፣ በነዚያ የምሥራቅ ተራሮች ላይ ባሕር ዛፍም አለ፣ የጥንቱ ደን ለማገዶ ካለቀ በኋላ የተተከለ፣ ልክ እንደኛው። በእግር የሚወጡ ብዙ ናቸው፣ ደረጃው ከሺህ በላይ ነው፣ ለኛ ግን አይሆንም። ከ1929 ጀምሮ የሚሠራ በሐዲድ የሚጎተት ፉኒኩላር አለ፣ ከ1955 ጀምሮ ደግሞ በገመድ የሚሄድ ቴሌፌሪኮ። እሁድ ቲኬቱ ይረክሳል ግን ምዕመኑ በሙሉ እሁድ ስለሚወጣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ እማዬን ሰልፍ ላይ ከማቆም ልዩነቱን መክፈል ይሻላል። ሰኞ ጠዋት፣ ደመናው ሳይወርድ።

ታኅሣሥ አጋማሽ

ቅዳሜን መሐል ከተማ ላይ አደረግኩት፣ ወርቅ ሙዚየምና ቦቴሮ ሁለቱም ክፍት የሚሆኑበት ቀን ስለሆነ። የወርቅ ሙዚየሙ እሁድ ነጻ ነው፣ ግን እሁድን ለመንገዱ ፈልጌዋለሁ፣ መግቢያውም ውድ አይደለም።

ወርቅ ሙዚየሙ የማዕከላዊ ባንኩ ነው፣ በ1939 የተጀመረ። በሺህ የሚቆጠር ዕቃ ስላለ ሁሉንም እንይ ካልን እግራችን ያልቃል፣ ስለዚህ ለአንድ ዕቃ ብዬ ነው የምሄደው፣ የሙዊስካዎቹ ታንኳ። ሙዊስካ ማለት ስፔኖች በ1538 ቦጎታን ከመቆርቆራቸው በፊት ደጋውን ይዘው የኖሩት ሕዝብ ናቸው። ታንኳው ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም፣ በእጅ መዳፍ ላይ ያርፋል። በ1969 ፓስካ በሚባል ቦታ ገበሬዎች ዋሻ ውስጥ ነው ያገኙት። ፎቶውን አጉልቼ ብዙ ጊዜ አየሁት፣ መሐሉ ላይ ከሁሉም የሚበልጥ አለቃ ተቀምጧል፣ ዙሪያውን ትንንሽ ሰዎች ቆመዋል፣ ከፊሎቹ ጭምብል የያዙ፣ ጠርዙ ላይ ቀዛፊዎቹ ተደርድረዋል፣ የእያንዳንዱ ጌጥ እንደ ክር በቀጠነ ወርቅ ነው የተሠራው። አዲሱ አለቃ ገላውን የወርቅ ብናኝ ተቀብቶ ጓታቪታ ሐይቅ መሐል ገብቶ ወርቅ የሚሰጥበት ሥርዓት ነው ይባላል፣ ያ የኤል ዶራዶ ወሬ (የወርቅ አገር አለ የሚለው) መነሻው እሱ ነው። አሠራሩን ስታነቡ ደግሞ ትገረማላችሁ፣ መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል፣ በጭቃ ይሸፈናል፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በባዶው ይፈሳል። የኛ አገር አንጥረኛ የነሐስ መስቀል ያወጣው በዚሁ መንገድ ነው፣ የቅኔው ሰምና ወርቅም ከዚህ ሙያ የመጣ ነው። ውቅያኖስ በመሐላቸው ሆኖ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማር። እማዬ አባቷ መስቀል ሠሪ ሰፈር ውስጥ ነው ያሳደጓት፣ ይሄን ዕቃ ፊቱ ቆማ እንድታየው እፈልጋለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ለጉዞው ካለኝ ጉጉት ግማሹ ይሄ ነው።

ቦቴሮ ሙዚየም ከዛ በእግር ይደረሳል፣ ግን ቀስ ብሎ። መግቢያው ነጻ ነው። ሠዓሊው ፌርናንዶ ቦቴሮ በ2000 የራሱን 123 ሥራዎችና የሰበሰባቸውን 85 የሌሎች ሠዓሊዎች ሥራ፣ ፒካሶም ሞኔም ያሉበት፣ ሕዝብ በነጻ እንዲያየው ብሎ ሰጠ፣ በ2023 ነው የሞተው። ግቢው መሐል አትክልት ያለው አሮጌ ቤት ነው፣ መቀመጫም አለ። ከዛ ቦሊቫር አደባባይ። አደባባዩን ከማየታችን በፊት ለእማዬ ሁለት ነገር እነግራታለሁ፣ በ1948 ሚያዝያ 9 ቀን በነሱ አቆጣጠር ፖለቲከኛው ጋይታን ካሬራ 7 ላይ ተገድሎ ከተማው መቃጠሉን፣ እና በ1985 አደባባዩ ዳር ያለው የፍትሕ ቤተ መንግሥት በታጣቂዎች ተይዞ ጦሩ በታንክ መግባቱን። ይሄን ሳያውቁ እርግብ አብልቶ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ለቦታው ክብር አይሆንም።

ምሳ እዛው አደባባዩ አጠገብ ላ ፑዌርታ ፋልሳ፣ ከ1816 ጀምሮ ያለ ጠባብ ምግብ ቤት ነው። አጂያኮ እንበላለን፣ ሦስት ዓይነት ድንች ያለበት የዶሮ ሾርባ ነው፣ አንደኛው ድንች ሟሙቶ መረቁን ያወፍረዋል፣ ጉዋስካስ የሚሉት ቅጠል ይገባበታል፣ በቆሎ፣ ከጎኑ አቮካዶና ክሬም። ቅዳሜ ስለሆነ አይጾምም።

ታኅሣሥ መጨረሻ

የጾሙ ነገር። ዓርብና ረቡዕ ምን ትበላለች የሚለው አስጨንቆኝ ነበር፣ አሁን ግን ቀለለኝ። ባቄላው ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል፣ አሬፓው (የበቆሎ ቂጣቸው) አይብ ወይ ቅቤ ሊኖረው ይችላል፣ ስለዚህ ሳይጠየቅ አይበላም። ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፍኩላት፣ "ሲን ካርኔ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ኡዌቮ"፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል። አሁን ወጥ ስትሠራ በቃሏ ትለማመዳለች። የተጠበሰ ፓታኮን (ያልበሰለ ሙዝ ተደፍጥጦ)፣ ሩዝ፣ አቮካዶ፣ ፍራፍሬ ደግሞ የማያልቅ ነው። ለክፉ ቀን ሽሮ በትንሽ ላስቲክ ይዛለች፣ ክፍሉም ምድጃ አለው።

ለዚህ ነው ረቡዕን ፓሎኬማዎ ገበያ ያደረግኩት። ሉሎ፣ ግራናዲያ፣ ማራኩያ፣ ጓናባና (የጊሽጣ ዘመድ ነው)፣ እየቆረጡ ያቀምሳሉ። ጠዋት በማለዳ ከተደረሰ የአበባው ተራ አለ። ኮሎምቢያ አበባ ወደ ውጭ በመላክ ከኔዘርላንድስ ቀጥላ ሁለተኛ ናት፣ ብዙው የሚበቅለው እዛው ቦጎታ ዙሪያ ባለው ሜዳ ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ ሆለታና ሰበታ ላይ ያለው ምክንያት ነው፣ ከፍታ፣ ቀዝቃዛ ሌሊት፣ ዓመቱን ሙሉ እኩል ብርሃን። ጥር መጨረሻ ለቫለንታይን የሚጫንበት ሰሞን ስለሆነ ሥራው ይጧጧፋል። ያኔ ማየት ነው።

ከዕቅዱ የወጣ ነገርም አለ፣ የቡና እርሻ። ያው ኮሎምቢያ ተሂዶ ቡና ሳይታይ ይባላል፣ ግን ቦጎታ ራሷ ለቡና በጣም ከፍ ያለች ናት፣ ደህናው የቡና አገር በአውሮፕላን ወይ በረጅም የመኪና መንገድ ነው። ለአንድ ቀን ብሎ እማዬን በጠመዝማዛ መንገድ ማንገላታት ትርፉ አይታየኝም። ከተማው ውስጥ ጥሩ ጥሩ ቡና ቤት ሞልቷል፣ ገዝተን እንመጣለን፣ እሷ ደግሞ ታጥባና ቆልታ ካልሆነ ስለማታምን ጥሬውን ነው የምትፈልገው።

ጥር መጀመሪያ

እሁድን ጨረስኩ። ሲክሎቪያ ይባላል፣ ከ1974 ጀምሮ በየእሁዱና በየበዓሉ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለመኪና ይዘጋል፣ ሳይክል፣ እግረኛ፣ ልጅ በጋሪ፣ ሁሉም ይወጣል። አዲስ አበባ በ2018 እ.ኤ.አ. "መንገድ ለሰው" ብላ የጀመረችው ዓይነት ነገር ነው፣ እነሱ ጋ ግን በየሳምንቱ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ እናም አንድ ከተማ አንድን ነገር ሳይታክት ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት ለእኔ ከሙዚየም አያንስም። ካሬራ 7 ላይ ትንሽ እንራመዳለን፣ ሲደክማት ታክሲ በአፕ ጠርተን ኡሳኬን፣ ገበያው።

ማክሰኞ ዚፓኪራ፣ የጨው ካቴድራሉ። ከቦጎታ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የጨው ማዕድን ውስጥ 180 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የአሁኑ በ1995 ነው የተከፈተው፣ የበፊቱ ለደኅንነት ስላሰጋ በ1992 ተዘግቶ። አሥራ አራቱን የሕማማት ምዕራፎች እያለፉ ነው የሚወረደው። ላሊበላን የተሳለመች ሰው ከድንጋይ የተፈለፈለ መቅደስ ሲባል ዓይኗ በራ። መኪና ከነሹፌሩ ለግማሽ ቀን ተከራየሁ፣ ባቡሩ ማክሰኞ የለም፣ አውቶቡሱ ደግሞ መቀያየር አለው።

ትናንት እማዬ አንድ ነገር ጨመረች። አጎቷ ቃኘው ሻለቃ ውስጥ ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ናቸው። ኮሎምቢያም ከላቲን አሜሪካ ኮሪያ ላይ ተዋጊ ጦር የላከች ብቸኛ አገር መሆኗን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና "ታዲያ ሐውልት የላቸውም?" አለች። አላቸው፣ ኮሪያ የሰጠቻቸው የፓጎዳ ቅርጽ ያለው ሐውልት ካዬ 100 አካባቢ አለ። ሁለቱም ጦሮች በ1951 ነው የደረሱት፣ በኋላም በአንድ የአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፈዋል፣ ምናልባት እኚህ ሰውዬ አንዱን ኮሎምቢያዊ በዓይን አይተውት ይሆናል። ግቢው ወታደራዊ ስለሆነ መግባት ካልተቻለም ታክሲው ረቡዕ ከገበያው ስንመለስ በዚያ በኩል እንዲያልፍ አደርጋለሁ። የአጎቷን ፎቶ እይዛለሁ ብላለች።

ጥር 8

የቀረው ጥቃቅን ነው። አንድ ዶላር በሺዎች የሚቆጠር ፔሶ ስለሆነ ዜሮው እንዳያደናግራት የ10፣ የ20 እና የ50 ሺውን ብር ግምት በዶላር ጻፍኩላት። ኢሲም ገዝቻለሁ። ስልክ መንገድ ላይ አይወጣም፣ ከማያውቁት ሰው መጠጥም ማስቲካም አይቀበሉም፣ ታክሲ ከመንገድ አይቆምም፣ ተስማምተናል። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ፣ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ። ጋቢ ይገባል፣ ሌሊቱ ይበርዳልና ሆቴሎቹ ብዙ ጊዜ ማሞቂያ የላቸውም።

ቼክ ሚግ የሚባለው የኢሚግሬሽን ፎርም ነጻ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካያችሁ እሱ አይደለም። መነሻው 72 ሰዓት ሲቀረው ነው የሚከፈተው፣ ሲመለሱም ይሞላል። ስለዚህ ሰኞ ጥር 11 ማታ፣ ከጥምቀት ስንመለስ፣ የሁለታችንንም ሞልቼ ፕሪንት አደርጋለሁ።